እስከ አማቴ ወገብ ድረስ

ባለቤቴ ግንባሩ ላይ፣ ከፀጉሩ መነሻ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የጣት ወርድ የምታክል ጠባሳ አለችው። ከሚሴ ገበያ የሚያውቁት ሰዎች «ይቺ ደግሞ የምንድን ናት?» ሲሉት ሳያፍር «የሚስቴ ናት» ይላል። ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ወላሂ እኔ አልነካሁትም! የፈነከተው የእናቱ ቤት ጉበን ነው፤ ያውም ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ ሚዜዎቹ እየዘፈኑ፣ እኔ ተሸፋፍኜ ከኋላው ስከተል። ደሙን በነጭ ጋቢው ጫፍ ጠርጎ፣ እንግዳው ሁሉ እያየው የተናገራት ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

«ይሄ በር እኮ እኔን አይመታኝም ነበር!»

አማቴ የተወቀጠ ቡና ቁስሉ ላይ እየነሰነሱ «ቤቱ ጎብጧል ልጄ፤ አንተ ነህ መጎንበስ ያቃተህ። አባትህማ በዚህ በር ቀጥ ብሎ ነበር የሚገባ» አሉት።

ባለቤቴ ከሰርጋችን በፊት ለብዙ ዓመት ከቤት ርቆ፣ አዋሽ በኩል ጥጥ እርሻ ላይ ሲሠራ ነው የኖረው። ስለዚህ የገዛ ቤቱን በር ረስቶት ነው አልኩ። አባቱ ቀጥ ብለው ይገቡ ነበር መባሉን ደግሞ፣ ባል ከሞተ በኋላ በሚስቱ አፍ ቁመቱ እንደሚጨምር ስለማውቅ፣ በሆዴ ስቄ አለፍኩት። ይህችን ነገር ያዙልኝ። እሷን ንቄ በማለፌ ነው አንድ ቤት ሁለት ጊዜ ያስገነባሁት።

እኔ የከሚሴ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤት የሄድኩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ማንበብ የለመድኩት እናቴ ግድግዳችን ላይ ከለጠፈችው አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ አንዳንዱን ገጽ ገልብጣ ስለለጠፈችው ዛሬም ቢሆን ጽሑፍ ተዘቅዝቆ ቢሰጠኝ አይቸግረኝም። መለካት የለመድኩት ደግሞ ከመንገድ ሠራተኞች ነው። የደሴ መንገድ ድልድይ ሲታደስ በዳቦና በሻይ እመላለስባቸው ነበር። አለቃቸው እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚውል ሰው ነው። ድንጋይ ከማስጣሉ በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎች ይጠራና «ውሃው በጣም የበረታ ጊዜ የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። እነሱ ዛፍ ላይ ያሳዩታል፣ እሱ ዛፉን ቀለም ይቀባል፣ ድልድዩ ከቀለሙ በላይ ይሠራል። ምሕንድስና ማለት ይኸው ከሆነ፣ እኔ ዳቦ እየሸጥኩ ተመረቅሁ ማለት ነው።

ያገባሁት ጨፋ ነው፣ ከቦርከና ብዙም ሳይርቅ። ሜዳው እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው፤ ማሽላው ሰው ይሰውራል፣ ሣሩ ከሩቅ አገር የመጣ ከብት ሳይቀር ያጠግባል። ያንን ሁሉ የሚያበላው ውሃው ነው። ታዲያ ሲያበላ ከርሞ አንድ ቀን ራሱ ሊበላ ቤት ይመጣል።

ድሮ ውሃው ጨዋ ነበር ይላሉ አማቴ። ነሐሴ ላይ፣ ሣሩን እያስተኛ፣ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ሰው ዶሮውን እንኳ ሳይቀር ሰብስቦ ይወጣል። እኔ የደረስኩበት ውሃ ግን ሌላ ነው። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከደጋው ጭቃና ግንድ ይዞ ድንገት ከተፍ ይላል። አንዱን ዓመት ሐምሌ ሳይገባ ይመጣል፣ ሌላውን ዓመት ቀረ ብለን እፎይ ስንል መስከረም ላይ። የግብርና ባለሙያው ስብሰባ ጠርቶ «የአየር ንብረቱ ተለውጧል» ብሎ ሲያስረዳን አማቴ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ መለወጡንስ እኛም አውቀናል። የሚመጣበትን ቀን ንገረንና ቁርስ እናዘጋጅለት» አሉት። ባለሙያው ሳቀና ደብተሩን ዘጋ።

ስለዚህ በየክረምቱ ስደት ነው። ልጆች፣ ድስት፣ ፍራሽ ይዘን ከሚሴ የባለቤቴ እኅት ዘንድ እንገባለን። እሷ ደግ ናት፣ ቤቷ ግን አንድ ክፍል ነው። ረመዳን በየዓመቱ እየቀደመ መጥቶ ክረምት ላይ ያረፈ ጊዜ አማቴ ባሰባቸው። እንግዳ ሲሆኑ አይችሉበትም። ሾርባውን የሚያማስለው ሌላ ሰው፣ «ብሉ፣ ጠጡ» የሚለው ሌላ ሰው፣ እሳቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ማመስገን ብቻ። ሁለት ረመዳን እንዲህ ጾሙ። ሦስተኛው ከመድረሱ በፊት፣ ገና በጋው ሳለ፣ እኔንና ባለቤቴን አስቀመጡና እንዲህ አሉን፤

«ዘንድሮ አላህ ካቆየኝ የማፈጥረው በቤቴ ነው። ውሃው ከመጣም ከውሃው ጋር አፈጥራለሁ። ብትጎትቱኝ አልነሣም።»

«እማ፣ እንዲህ አይባልም» አላቸው ባለቤቴ።

«ተባለ እኮ።»

አማቴ አንዴ ካሉ አሉ ነው። እሳቸውን እዚያ ትተን ልጆቹን ይዘን የምንወጣበት ቀን ታየኝ። ያን ሳምንት በልጄ ደብተር ጀርባ ላይ ቤት መሳል ጀመርኩ። ከአሮጌው አጠገብ፣ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ላይ የሚቆም ቤት። የፊትና የኋላ በሩ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ውሃ ከነጭራሹ ቢደፍረን እንኳ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ፣ ግድግዳ አይግፋ። እህሉ ቆጥ ላይ ይወጣል። ሥዕሉን ለጎረቤታችን ለግንበኛው ባሳየው ዙሪያውን እያዞረ አየና «አንቺ መሐንዲስ፣ ይሄ ቤት ነው የዶሮ ማደሪያ?» አለኝ።

«ዶሮ ውሃ ሲመጣ የት ነው የምትወጣው?»

«ቆጥ ላይ።»

«እኛ ከዶሮ እንነስ?»

ግንበኛው እሺ አለ። የቀረው ከፍታው ነው፤ ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ ማወቅ።

አሮጌው ቤት መሀል አንድ የወይራ ምሰሶ ነበር። የባለቤቴ አባት በሕይወት ሳሉ፣ ውሃ ቤት በገባ ቁጥር የደረሰበትን ልክ ምሰሶው ላይ በቢላዋ ይጭሩ ነበር። ከሁሉ በላይ ያለችው ጭረት ጥልቅ ናት፤ የትልቁ ውሃ ናት፣ ባለቤቴ ጡት ይጠባ የነበረበት ዓመት። እሷን ሳይ ያ የድልድይ አለቃ ቀለሙን ይዞ የመጣልኝ ያህል ደስ አለኝ። ግንበኛው፣ ባለቤቴና አማቴ ባሉበት ገመዴን አውጥቼ ከወለሉ እስከ ጭረቷ ለካሁ።

«አንድ ክንድ» አልኩ ኮራ ብዬ። «ለጥንቃቄ አንድ ስንዝር እንጨምርበት።»

አማቴ ከመደቡ ተነሡና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አሳረፉ። «ላኪ!» አሉ በኦሮምኛ። «አይደለም! ውሃው እዚህ ነበር።»

«እዚህ የት እማዬ?»

«ወገቤ ላይ። ይሄን ጎረምሳሽን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ እስከ ወገቤ ገብቼ ነው የወጣሁ።»

ጭረቷን አየን፣ ጉልበታቸው ላይ ናት። ወገባቸውን አየን። ግንበኛው ሳቁን መያዝ አቃተው። «እማማ፣ ምናልባት ያኔ ቁጭ ብለው ይሆን?»

«አንተ እንደተቀመጥክ ቅር!»

«ፈርተው ነው የረዘመብዎት» አልኩ እኔም። «ምሰሶ አይፈራም፣ አይረሳም፣ አይዋሽም።»

«አይናገርምም» አሉ አማቴ።

ያን ጊዜ ዝም ብዬ ባስብበት ኖሮ! እኔ ግን ማሸነፌ ነበር የታየኝ። ጨመርኩበት እንጂ፤ «ለጉልበትዎም አስቤ ነው። እስከ ወገብዎ ብንገነባ በመሰላል ነው የሚወጡት» አልኳቸው። ጉልበታቸውን ብርድ ሲመታው የሚያቃስቱ ሴት ናቸው፤ መሰላል ሲባል ለስለስ አሉ። «ኤዬ፣ እሱስ ልክ ነሽ» ብለው ተቀመጡ። ባለቤቴ ከብቱን ልይ ብሎ ወጣ፤ በእናትና በሚስት መካከል መግባት እንደማያዋጣ ከሰርጉ ጀምሮ ያውቃል።

ደቦ ጠራን። ሰፈሩ ወጣ። ድንጋዩን ከጋራው ሥር በአህያም በትከሻም አመላለሱት፣ እኛም ፍየል አርደን አበላን። በሦስተኛው ቀን መሠረቱ ቆመ፤ አንድ ክንድ ከስንዝር፣ ውጩ በሲሚንቶ የተደፈነ፣ ሦስት ደረጃ ያለው። እየዞርኩ በእጄ መታ መታ አደረግሁት። ከብት የሚገዙ ነጋዴዎችም በሬውን እንዲሁ ነው የሚያደርጉት።

ቀጥሎ አሮጌውን ቤት ማፍረስ ነው። ቆርቆሮው ወረደ፣ ግድግዳው ወደቀ። አማቴ «እሱን ምሰሶ ሳትይዙ አዲስ ቤት አልገባም» ስላሉ ግንበኛውና ባለቤቴ ሥሩን ቆፍረው ነቀሉትና አጋደሙት። ግንበኛው እግሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳበሰው።

«ወይራ ሲተከል ምስጥ እንዳይበላው እግሩ በእሳት ይለበለባል» አለ። «የዚህ የተለበለበ እግሩ የታለ?»

እኔም ጎንበስ አልኩ። የምሰሶው ጫፍ ነጭ ነው፤ በመጥረቢያ እኩል ተደርጎ የተቆረጠ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ።

«እሱማ ተቆርጧል» አሉ አማቴ፣ ማሽላ እየለቀሙ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

«መቼ?»

«የቱን ልንገርሽ? ሁለት ጊዜ ነው። ይሄ ልጅ በእግሩ እንደቆመ ሰሞን ሥሩ በውሃ በሰበሰና አባቱ ስንዝር ቆርጦ መልሶ ተከለው። ኋላ ደግሞ እሱ ጥጥ እርሻ ሳለ ወንድሜ መጣና ሌላ ስንዝር ቆረጠው። የግድግዳውንም እንጨት፣ የበሩንም መቃን እንደዚያው።»

ሁለት ስንዝር አንድ ክንድ ነው። ቤቱ ባጠረ ቁጥር ጭረቶቹም አብረው ወርደዋል። ገመዴን አወጣሁ፣ ሁለት ክንድ ለካሁበትና አማቴን አስነሥቼ ጎናቸው አቆምኩት። ወገባቸው ላይ አረፈ። ቅንጣት አልጎደለም።

«እማዬ! ለምን አልነገሩኝም?»

«ቤቱ ጎብጧል ስል ሰምተሻል። ውሃው ወገቤ ላይ ነበር ብዬሻለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ልበልሽ? አንቺ የጠየቅሽው እሱን ነው» አሉና በአገጫቸው የተጋደመውን ምሰሶ አሳዩኝ። «እሱም እግሩ መቆረጡን ደበቀሽ።»

ባለቤቴ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። «አላልኩም?» ብሎ ጮኸ። «ይሄ በር እኔን አይመታኝም ነበር አላልኩም?» ስንት ዓመት መጎንበስ ያቃተው፣ ቤቱን የረሳ ሰው ተብሎ ሲሳቅበት የኖረ ሰው በአንድ ምሰሶ ነጻ ወጣ። እንዲያ ሲስቅ ሌላ ጊዜ አይቼው አላውቅም። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከረመዳን በፊት ያለው ወር፣ ሻዕባን፣ ተጋምሷል፣ ደመናው ከደጋው በኩል መከመር ጀምሯል፣ ሰው ሁሉ እርሻው ላይ ነው። አሮጌው ቤታችን ፈርሷል፣ አዲሱ መሠረት ደግሞ ትልቁ ውሃ ቢመጣ ይሰምጣል።

«ዘንድሮን እናታችንን ከሚሴ እንውሰዳት፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንሠራዋለን» አለኝ ባለቤቴ ቀስ ብሎ።

አማቴ ግን ሰምተዋል። ማሽላቸውን አስቀመጡና ሄደው የተጋደመው ምሰሶ ላይ ቁጭ አሉ። እንደ ወንበር። «እኔ ከዚህ አልነሣም» አሉ። ቤት በሌለበት ቦታ ቤታቸው ተቀምጠው ነበር። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ።

ለአንድ ቤት ሁለተኛ ደቦ መጥራት እኛ ዘንድ ክልክል አይደለም፤ ግን በቀልድ ያስከፍላል። በየበሩ ሄድኩ። «ምነው፣ ቤቱ ሸሸሽ?» ይለኛል አንዱ። «መሐንዲሷ፣ ሥዕሉን ገልብጠሽ ይዘሽው ነበር እንዴ?» ይላል ሌላው። ሁሉን በራሴ አፍ አስረዳሁ፤ አማቴ ወገቤ ላይ ነው ያሉትን እኔ ጉልበትዎ ላይ ነው ብዬ እንደተከራከርኩ። ከጠላና ከፍየል የበለጠ የጣማቸው እሱ ነው ልል ነበር፤ ጠላ እንኳ የለም፣ ሙስሊሞች ነን፤ ከፍየሉ ግን የበለጠ የጣማቸው እሱ ነው። ግንበኛው ደግሞ ቅድመ ሁኔታ አመጣ።

«እመጣለሁ። ግን አንድ ረድፍ ድንጋይ ባለቀ ቁጥር አንቺ ጮክ ብለሽ ‹እማማ ልክ ነበሩ› ትያለሽ።»

«ወላሂ አልልም።»

«እንግዲያው ከዶሮዎችሽ ጋር ቆጥ ላይ ውጪ።»

ምን ላድርግ? አልኩ። የመጀመሪያው ረድፍ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ድንጋዩን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ ልክ ነበሩ!» አልኩ። አማቴ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «አልሰማሁም ልጄ፣ ንፋሱ ነው መሰለኝ።» ንፋስ ብሎ ነገር አልነበረም። ደገምኩላቸው። እስከ አራተኛው ረድፍ ድረስ ንፋሱ አልቆመም።

መሠረቱ ሁለት ክንድ ከስንዝር ሆነ። አሁን ደግሞ ጉልበታቸው። ያን ያህል ደረጃ እንዴት ይወጣሉ? መልሱን ያገኘሁት ጨፋ ሮቢት ከብት ገበያ ነው። በሬዎቹን የጭነት መኪና ላይ የሚያወጧቸው፣ ቀስ እያለ ከፍ በሚል የአፈር አቀበት ነው። ያንኑ የመሰለ፣ ውሃው ከሚመጣበት በተቃራኒ በኩል፣ ጎኑ በድንጋይ የተደገፈ መውጫ አሠራሁ።

«እኔን በሬ አደረግሽኝ?» አሉኝ አማቴ።

«በሬ ደረጃ አይወድም፣ እርስዎም አይወዱም።»

ወጡበት። አንዴ ቆም ብለው አየር ወሰዱ፣ ከላይ ሆነው ሜዳውን ቃኙ፣ «ኧረ የጎረቤት ጓሮ ሁሉ ይታያል!» አሉ። ከዚያ በኋላ ለመውጣት የሚለምናቸው አልነበረም። ምሰሶው መሀል ቆመ፣ በአዲስ በተለበለበ እግር፤ ቆርቆሮው ተመታ። በሩን ከባለቤቴ ራስ በላይ አስረዘምነው። እሱ ግን ሲገባ አሁንም ያጎነብሳል፤ ስንት ዓመት የተመታ ግንባር በአንድ ክረምት አያምንም መሰለኝ።

ረመዳን ገባ። አንድ ሳምንት ሆነው፣ ሁለት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ ወደ ማፍጠሪያው ግድም፣ እኛ ጋ ጠብታ ዝናብ ሳይኖር፣ ከላይኛው ሰፈር «ቢሻን ዱፌ! ውሃው መጣ!» የሚል ጩኸት ሰማን። ወዲያው ሜዳው ድምፅ አወጣ። ባለቤቴ ልጆቹን ቆጠረ፣ እኔ እህሉን ቆጥ ላይ አወጣሁ። አማቴ ሾርባቸውን ያማስሉ ነበር። «ይምጣ» አሉ፣ ማማሰያዋን ሳያስቀምጡ።

ውሃው ግንድ እያንከባለለ ግቢውን ሞላ። የመውጫውን እግር ዋጠ፣ ወደ ላይ አለ። ደፉ ላይ ተንበርክኬ በዓይኔ እለካ ነበር፤ አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር። ሦስተኛው ላይ ደረሰ፤ የመጀመሪያው መሠረቴ ያበቃው እዚያ ነበር። ውሃው እዚያ አልቆመም። አንድ ጋት ጨመረ። ያቺን ጋት አልረሳትም። ከዚያ በላይ ግን አልሄደም፣ እዚያው ይሽከረከር ጀመር።

በዚህ መሀል ሰው መጣ። መጀመሪያ ግንበኛው፣ ሚስቱን አስቀድሞ፣ ፍየሉን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ እየተራመደ። ከኋላው ሌላ ጎረቤት፣ ከዚያ ሌላ። ሁሉም በበሬው መውጫ ወጡ። ቤቱ ሞላ። ግንበኛው የደፉን ከፍታ አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ እንደ ጥፋተኛ ፈገግ አለ። «እማማ ልክ ነበሩ» አልኩት፣ ሳይጠይቀኝ።

አማቴ ሾርባውን ቀዱ። «ብሉ፣ ጠጡ፣ አብሽሩ!» እያሉ በሰዎቹ መካከል ሲዞሩ ጉልበታቸው የት ገብቶ እንደነበር አላውቅም። ሰዓቱ ሲደርስ ቴምራቸውን ይዘው «አልሐምዱሊላህ፣ በቤቴ» አሉና አፋቸው ላይ ሊያደርጉ ሲሉ የግንበኛው ፍየል መስገጃቸው ላይ ወጣች። ከሚሴ የነበረው ጥበት ከዚህ አይብስም ነበር። «በልጄ ቤት ፍየል እንኳ አልነበረም!» ብለው ጮኹ። ፍየሏን ግን አላስወጧትም፤ ቆንጥረው ማሽላ ሰጧት።

በማግስቱ ውሃው ሲጎድል አማቴ ቢላዋ ጠየቁኝ። ምሰሶው ዘንድ ሄደው ዞሩት፣ ዳበሱት። ምን ይጭሩበት? ውሃው ቤት አልገባም።

«ታዲያ ይሄ ውሃ መምጣቱን በኋላ ማን ያውቃል?» አሉ፣ እውነት ቅር ብሏቸው።

ቆም ብለው አሰቡና የግንበኛውን መዶሻና መሮ ተቀበሉ። በመውጫው ቀስ እያሉ ወረዱ፣ ጭቃውን በጫማቸው እየገፉ እስከ መሠረቱ ሄዱ። ደረቁና እርጥቡ የተለዩበት ድንጋይ ላይ በገዛ እጃቸው መቱ፣ እስኪጎደጉድ።

«ከእንግዲህ ይሄን የሚቆርጥ ይቁረጥ» አሉ። ከዚያ ጀርባቸውን ለድንጋዩ ሰጥተው ቆሙና ምልክቷን ወደ ኋላ በእጃቸው ፈለጓት። ከወገባቸው በታች ናት። እንደገና ዳበሱ፣ ተነጠሉ፣ ዞረው አዩአት።

«ወገቤም አልደረሰ» አሉኝ፣ ውሃውን ንቀት በተሞላ ዓይን እየተከተሉ። «ይሄማ ትንሹ ነው። ገመድሽን አትጣይ።»